ከመጋረጃዎቹ በላይ የሰቀልኩት ግንብ

በስደት፣ ጀርሚስተን የምትባል ከተማ ውስጥ መጋረጃና ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። ከመደርደሪያው በላይ አንድ የግድግዳ ስጋጃ ሰቅዬ ነበር፤ ኮረብታ ላይ የቆመ ግንብ፣ ከሥሩ ቀይ ጣራ ያላቸው ቤቶች። ያገኘሁት ከጅምላ ነጋዴው ጋር ዕቃ ስንመርጥ ነው። እሱም ያገሬ ሰው ነው። ገና ሲዘረጋው ሁለታችንም በአንድ አፍ “ጎንደር!” አልን። እሱ የስልጤ፣ እኔ የሆሳዕና ሰው ነኝ፤ ጎንደርን የምናውቃት ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ ነው። የቀዩ ጣራ ነገር ትንሽ ቢከነክነኝም፣ አድሰውት ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለኝ። “ማይ ፍሬንድ፣ ይሄ ምንድን ነው?” ላለኝ ደንበኛ ሁሉ የአባቶቼ ነገሥታት ግንብ መሆኑን አፌን ሞልቼ እናገር ነበር። አገራችሁ ምን አለና መጣችሁ እየተባለ ለሚኖር ሰው ግንብ ደረት ያስነፋል። እዚሁ የተወለደችው ልጄም ሰምታ ያዘችው። ለሄሪቴጅ ዴይ፣ ማለትም ለቅርስ ቀን፣ ተማሪዎቹ የየቤታቸውን ቅርስ ይዘው ክፍል ፊት ይቆማሉ፤ እሷም ስጋጃውን ይዛ ልትቆም ወሰነች። ንግግሯን በእንግሊዝኛ አዘጋጅታ ሳምንቱን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ስትለማመድ ከረመች።

በዋዜማው አንዲት ነጭ ባልቴት መጋረጃ ፈልገው ገቡ። ቀና ሲሉ ስጋጃውን አዩና ደርቀው ቀሩ። ከየት አገኘኸው አሉኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ የተለመደውን ልጀምር ስል፣ “የተወለድኩበት ከተማ ነው” አሉ። ያደጉበትን ቤት ጣራ በጣታቸው አሳዩኝ።

ወንበር ሰጠኋቸው። ከተማቸው የጣልያንና የስሎቬንያ ድንበር ላይ ያለች ናት። አያታቸው የሚጸልዩት በስሎቬንኛ፣ የሚገበያዩት በጣልያንኛ ነበር፤ ቢሮ ሲሄዱ ደግሞ ድሮ ጀርመንኛ ያስፈልግ ነበር። እኛ እዚህ አማርኛውን ከእንግሊዝኛና ከዙሉ እንደምንቀላቅለው፣ እዚያም ሰዉ ሦስቱንም እየቀላቀለ ይኖር ነበር። ታዲያ ገዥ በተለወጠ ቁጥር የመንገዱ ስም ይለወጣል። በአንዱ ዘመንማ አያታቸው በገዛ ቋንቋቸው አደባባይ ላይ እንዳይናገሩ ተከለከሉ። ግንቡንም በአንደኛው የዓለም ጦርነት መድፍ አፈራረሰው። መልሰው የሠሩት ከጦርነቱ በኋላ የመጡት አዲሶቹ ገዥዎች፣ ጣልያኖቹ ናቸው፤ ግን እንደነበረው አይደለም። ከጥንትም የእኛ ነበር ለማለት እንዲመቻቸው፣ ከጦርነቱ በፊት የነበረውን መልክ ትተው፣ ከዚያም በጣም የቆየ አስመስለው አቆሙት።

“አያቴ እስክትሞት ድረስ ቀና ብላ አላየችውም” አሉ። “እኔ ግን የማውቀው ይሄንኑ ስለሆነ እወደዋለሁ። ትሸጥልኛለህ?”

መልስ ሳልሰጥ ልጄ ከትምህርት ቤት መጣች። ሁለታችንም ስጋጃውን እያየን ስታገኘን ደስ አላት፤ ሳትጠየቅ እንግዳዋ ፊት ቆማ ንግግሯን ጀመረች። ይህ የአባቴ ነገሥታት ግንብ ነው አለች። ሴትዮዋ ልጄን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። ቢቆጡኝ እንኳ ይቀለኝ ነበር። እሳቸው ግን እስክትጨርስ በትዕግሥት ሰምተው፣ “በጣም ጥሩ ተናገርሽ” አሏት። ስለ መግዛቱ ድጋሚ አላነሱም። የስጋጃውን ጠርዝ ነካ አድርገው፣ መጋረጃውንም ሳይገዙ ወጡ። እኔ እስከ በሩ እንኳ አልሸኘኋቸውም።

ሱቅ ስንዘጋ ለልጄ እውነቱን ነገርኳት። ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላለቀሰችም። ስጋጃውን አስወርዳኝ አጠፈችና፣ ሴትዮዋ ሲመለሱ እንድሰጣቸው ባንኮኒው ሥር አስቀመጠችው።

“ኦኬ ዳዲ” አለችኝ፣ “ታዲያ የእኛስ? አንተ ያደግክበት ቤት ምን ይመስላል? ነገ እሱን ላሳይ።”

አባቴ እንሰቱ መሃል ትልቅ ክብ የሣር ቤት ሠርቶ ነበር። ከብቶቹንም እኛንም ይችለን ነበር፤ ምሰሶውን ለማቆም የመንደሩ ወንድ ሁሉ እንደመጣ ሲያወራ አይጠግብም። እኔ ግን እዚህ ከመጣሁ በኋላ፣ በደወልኩ ቁጥር አፍርሱትና ቆርቆሮ አድርጉት እያልኩ ወተወትኩት። በመጨረሻ እሺ ብሎ አፈረሰው። አሁን ያለኝ፣ ቤቱ ከመፍረሱ በፊት አባቴ በሩ ላይ ቆሞ የተነሣው ፎቶ ብቻ ነው። ከስልኬ አውጥቼ ሰጠኋት።

በሁለት ጣቷ አሳንሳ ዙሪያውን ልታይ ሞከረች። አልሆነላትም።

“ዳዲ፣ ቤቱ የታለ?”

ፎቶው ላይ ያለው የአባቴ ፊት ብቻ ነው። ያኔ ለጓደኞቼ ስልከው፣ የጣራው ሣር እንዳይታይብኝ ዙሪያውን ቆርጬ ጥዬዋለሁ።