ሳልተረጉምላቸው የቀረሁት

የተማርኩት ነርስነት ነው። በደርግ ዘመን ጅማ ሆስፒታል ውስጥ ስሠራ ግን ግማሽ ሥራዬ ማስተርጎም ነበር። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ከውጭ አገር የመጡ ሰው ስለሆኑ በእንግሊዝኛ ይናገራሉ፤ እኔ ለበሽተኛው እንደ ሰዉ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ እነግራለሁ።

አንድ ቀን ሐኪሙ ፊት የተቀመጡት ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ሆኑ። አወቱ መንደራ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ነበር የምንኖረው። በረንዳቸው ላይ የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፉ ይውላሉ፤ አዛን ሲሰሙ የስፌት መኪናቸውን ሸፍነው መስጊድ ይሄዳሉ። ተመድቤ በመጣሁ በወሩ ወባ ሲጥለኝ፣ ባለቤታቸውን አጥሚት አስይዘው ደጄን ያንኳኩት እሳቸው ናቸው። «ልጄ» ይሉኛል፣ «አባባ» እላቸዋለሁ።

ከሰገራቸው ጋር ደም ማየት ከጀመሩ ወራት አልፏቸው ነበር፤ አፍረው ደብቀዋል። ሐኪሙ መርምረዋቸው እጃቸውን ታጠቡና ወደ እኔ ዞሩ።

«ካንሰር ነው። ቆርጬ አውጥቼ አንጀቱን መልሼ መግጠም እችላለሁ። ነገር ግን እጢው ከፊንጢጣው አፍ በጣም ቅርብ ነው። ቆረጣው እዚህ ድረስ ሲወርድ ሰገራ መያዝ እንደሚያስቸግራቸው ከአሁኑ መናገር ይቻላል። ቀኑን ሙሉ ሊመላለሱ፣ ሊያመልጣቸውም ይችላል። ሌላው መንገድ በሆዳቸው በኩል መውጫ መክፈት ነው። ሁለቱንም ንገሪያቸውና ይምረጡ።»

ፊታቸውን አየሁ። ይህን ብነግራቸው ተነሥተው የባለቤታቸው ዘመዶች ዘንድ ሸቤ ገጠር ሄደው የሥር መድኃኒት ሲጠጡ እንደሚሞቱ ታየኝ። ደግሞ እውነቱን ለመናገር አፈርኩ። የሃያ አራት ዓመት ሴት ነበርኩ፤ አባቴ ለሚሆኑ ሰው «ሰገራ ያመልጥዎታል» ማለት ከአፌ አልወጣ አለ።

«በሽታው ይወጣል፣ አንጀትዎም ይገጠማል፤ ይድናሉ» አልኳቸው።

«ይኸው ነው? እሳቸው ብዙ ተናገሩ።»

«ለጥቂት ጊዜ ሆድዎ ይረበሻል። ሌላ የለም።»

«ኢንሻአላህ» አሉና ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ። ሐኪሙ «ገብቷቸዋል?» ሲሉኝ «አዎ» አልኩ።

ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። ቁስላቸውን እኔው እያጠብኩ፣ ሰው አዳንኩ ብዬ ኮራሁ።

ቤት ከገቡ በኋላ የስፌት መኪናው ከበረንዳው ተነሥቶ በጓሮ በር በኩል፣ ሽንት ቤቱ አጠገብ ተቀመጠ። ገመዱ ላይ እንደ ሽንት ጨርቅ የተጣጠፉ ጨርቆች ይሰጡ ጀመር። አዛን ሲል ከቤት አይወጡም። ሁሉንም እያየሁ «ጊዜ ይፈልጋል፣ ይስተካከላል» እያልኩ አልፋለሁ። በበራቸው ሳልፍ እርምጃዬን አፈጥን ነበር።

አንድ እሑድ ረፋድ ላይ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። መቅረት አይቻልም። ሰብሳቢው ገና ንግግሩን ሳያጋምስ አባባ ተነሥተው ወደ በሩ ሲሄዱ አየኋቸው። በሩን የያዘው ጥበቃ «ሳያልቅ መውጣት አይቻልም» አላቸው።

«ማሎ ልጄ፣ እባክህ፣ አሞኛል።»

«ሁሉም ያመዋል። ይቀመጡ።»

አልተቀመጡም። በሩ ሥር ቆመው ሱሪያቸው ሲበላሽ፣ ከኋላ ያሉት አፍንጫቸውን ሲይዙ፣ ሦስት ረድፍ ርቄ ተቀምጬ ነበር። ያን ጊዜ እንኳ ቶሎ አልተነሣሁም። ነጠላቸውን አውልቀው ያለበሷቸው አንዲት እንጀራ ሻጭ ናቸው።

ከሰዓት በኋላ አባባ ቤት ሄድኩ። ወደ ግድግዳው ዞረው ተጋድመዋል።

«አባባ፣ ሐኪሙ ይህ እንደሚመጣ ያን ዕለት ነግረውኝ ነበር። እንድነግርዎ ነበር ያሉኝ። እኔ ነኝ ያስቀረሁት» አልኳቸው።

 ቀስ ብለው ተነሥተው ተቀመጡ።

«እኔ እኮ አላህ የቀጣኝ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ምን በድዬ ይሆን እያልኩ ዕድሜዬን ሙሉ ስቆጥር ከረምኩ።»

«እንቢ ብለው ይሞቱብኛል ብዬ ፈርቼ ነው።»

«እሺ እል ነበር። ሰባት ልጅ ያለው ሰው መኖር ይፈልጋል። ግን አውቄ እገባበት ነበር። ሼኹን እጠይቅ ነበር፤ ከነሕመሜ ሶላት እንዴት እንደምሰግድ እማር ነበር። ለባለቤቴ እነግራት ነበር። እስካሁን በንጽሕና ጉድለቴ ነው ብላ ታዝንብኛለች።»

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «አላህ ይቅር ይበልሽ» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም፤ እኔ ይቅር ብዬሻለሁ ግን አላሉም።

በሳምንቱ ሼኹ ቤታቸው መጥተው፣ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው ለየሶላቱ ታጥቦ ውዱእ አድርጎ መስገድ እንደሚችል ነገሯቸው። ወደ መስጊድ ተመለሱ፤ በሩ አጠገብ፣ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ይቆማሉ አሉ።

ለምርመራ ሆስፒታል ሲመጡ እንግሊዝኛ የሚያስተምር የእህታቸውን ልጅ ይዘው ነበር። በሩ ላይ ተቀበልኳቸው። «ዛሬ እሱ ይንገረኝ» አሉ በትሕትና፣ ዓይኔን ሳያዩ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሐኪሙ ስለ ምግብ፣ ሰዓት ጠብቆ ሽንት ቤት ስለ መቀመጥ፣ የመቀመጫን ጡንቻ ስለ ማጠንከር ሲመክሯቸው በበሩ ክፍተት ሰማሁ። እሳቸው ደጋግመው ይጠይቃሉ፤ ልጁም አንድ ቃል ሳያስቀር ይመልስላቸዋል። ብዙ ጥያቄ ነበራቸው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። ፈጽሞ ባይተዋቸውም ሕመማቸው ቀለል አለላቸው። ሲያገኙኝ «ልጄ» ማለታቸውን አልተዉም። ስለ ጤናቸው ግን እኔን ዳግመኛ አንድም ነገር ጠይቀውኝ አያውቁም።