የሚስተር ታፓ ሙዚየም

ልጅ እያለሁ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ጉለሌ ውስጥ አንዲት ክፍል ብቻ ያላት ሙዚየም ነበረች። የምትገኘውም እኛ ግቢ ውስጥ ነው። ባለቤቷ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ሚስተር ታፓ ሲሆኑ፣ ክፍሏን ያከራየቻቸው እናቴ ናት። ሰፈርተኛው «ህንዱ» ይላቸዋል፤ እሳቸው ግን ካርታ ዘርግተው ትልልቅ ተራሮችን እያሳዩ «እኔ ጉርካ ነኝ» ይሉን ነበር። ጉርካዎች ከዚያ ተራራ እየወረዱ ለእንግሊዝ ንጉሥ የሚዋጉ ወታደሮች መሆናቸውን የሰማሁት ከእሳቸው ነው።

እናቴ ሹራብ እየሠራችና ያችን ክፍል እያከራየች ነበር የምታሳድገኝ። አባቴን አላውቀውም። እኔ ገና በሆዷ ሳለሁ ከአርበኞች ጋር ጫካ ገባ። ጣሊያን ሲወጣ ጓደኞቹ ተመለሱ፤ እሱ ቀረ። አንዱ ቆስሎ አየሁት አለ፤ ሌላው ወደ ሱዳን ሲሻገር አየሁት አለ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ተሰማ በመጡ ቁጥር ተዝካሩን እናውጣ ይሏታል።

«ሬሳውን ያየ ሰው ያምጡልኝና አወጣለሁ» ትላቸዋለች።

«የወንድሜን ነፍስ አንከራተትሻት» ብለው ቆባቸውን አንስተው ይወጣሉ። በዚህ የተነሳ ከአባቴ ዘመዶች ጋር እንደተኮራረፍን ነበር የምንኖረው። እናቴ ለእሱ ጥቁር ለብሳ አታውቅም። ባል የሚያመጡላትንም ከደጅ ነበር የምትመልሳቸው።

አንድ ዓርብ ሚስተር ታፓ «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኑና ሙዚየሜን ላሳያችሁ» አሉን። ሙዚየም የሚለውን ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እናቴንም በእኔ በኩል ጠሯት። ከቁስቋም ማርያም እንደተመለስን የክት ልብሷን ሳትቀይር አብራኝ ገባች።

ክፍሉ ናፍታሊንና የሰናፍጭ ዘይት ይሸት ነበር። አልጋቸውን አጣጥፈው ጥግ አቁመውታል። ግድግዳው ላይ አንድ ሰፊ የወታደር ባርኔጣ፣ ከሥሩ እንደ ማጭድ የጎበጠ ወፍራም ጩቤ፣ ጥብጣቡ የደበዘዘ ሜዳልያና ደረተ ሰፊ፣ አጭር ሰው የሚታይበት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ሰውየው የሚስተር ታፓ አባት ናቸው። ልጆቹ ጩቤውን ለማየት ተጋፉ። አንዱ ስንት ሰው እንደገደሉበት ጠየቀ።

«እኔ የማውቀው እናቴ እንጨት ስትፈልጥበት ነው» አሉ ሚስተር ታፓ።

ልጆቹ ቅር እያላቸው ወጡ። እናቴ ግን ባርኔጣው ፊት ቆማ ቀረች።

«አባታቸው የት ተቀበሩ? እስቲ ጠይቂያቸው» አለችኝ።

ጠየቅኋቸው። አባታቸው በፊተኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ አገር ዘምተው እንደወጡ ቀርተዋል። መቃብር የላቸውም።

«ታዲያ መሞታቸውን በምን አወቁ?»

 ሚስተር ታፓ እኔ እንድተረጉም ቃሉን እየቆራረጡ ተናገሩ። «አላወቅንም። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጠበቀችው። ባርኔጣውን ለፈቃድ መጥቶ ነበር የተወው፤ ሲመለስ ያደርገዋል እያለች ከሣጥን አታስወጣውም ነበር። አውጥቼ የሰቀልኩት እሷን ከቀበርኩ በኋላ ነው።»

«እናታቸውስ ሲጠብቁ ሲጠብቁ ምን ሆኑ?» አለች እናቴ።

«አረጀች» አሉ።

 እንዳለ ተረጎምኩላት። «እግዜር ያጥናዎት በያቸው» አለችኝና ወጣች።

ያን ሳምንት ስለዚህ ነገር አንድም ቃል አልተናገረችም። ቅዳሜ ጧት ግን ጋሼ ተሰማን እንድጠራ ላከችኝ። የታመመ ሰው ያለ መስሏቸው እየሮጡ መጡ።

«ካህናቱን ያነጋግሩልኝ» አለቻቸው። «ተዝካሩን እናውጣ።»

ያን ሁሉ ዘመን ሲወተውቷት የኖሩት ጋሼ ተሰማ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። «ተይ እንጂ በለጡ» አሉ፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። «ሱዳን አይቼዋለሁ ያለ ሰው አለ እኮ። ምናልባት...» ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ጎናቸው ተቀምጣ ጀርባቸውን እያሻሸች ያጽናናቻቸው እናቴ ናት።

ተዝካሩ ወጣ። ሚስተር ታፓም ከወንዶቹ ጋር ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው አመሹ። እናቴ ጥቁሯን ዓመት ለብሳ አወለቀች፤ ቆይታም አንድ ደግ አናጢ አገባች። ታናሽ ወንድሜ የእሱ ልጅ ነው። ሚስተር ታፓ ውላቸው ሲያልቅ ባርኔጣቸውን ጠቅልለው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ዛሬ ያ ግቢ ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል። ይህን ለልጅ ልጆቼ ስነግራቸው ሴት የባሏን መሞት ሳታውቅ እንዴት ያን ያህል ትቀመጣለች ብለው ይገረማሉ። አሁን ወሬ በደቂቃ ይደርሳል ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ከእኔ በላይ ባለው ቤት የምትኖረው ጎረቤቴ ግን ልጇ ከዘመተ ወዲህ ድምፁን አልሰማችም። ማለዳ ማለዳ ትደውልለታለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። አንዳንዴ እኔ ዘንድ ወርዳ ሻይ ስንጠጣ የእናቴን ነገር ላጫውታት እልና ይቀራል። የልጇ አልጋ እንደተነጠፈ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አንሶላውን አጥባ ትቀይራለች። ባለፈው ቅዳሜ ሰማዩ ከብዶ ስለነበር ቶሎ እንዲደርቅላት አብሬያት አሰጣሁት።