የፖታሺየም አራተኛው ክብ

አሶሳ ለምን እንደመጣሁ፣ ለምንስ ሳላገባ እንደቀረሁ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ለማንም አልመለስኩም፤ እዚህም አልመልስም። የምጽፈው ስለ አንድ የቀርከሃ ክብና ያንን ክብ አስፈትቶ ስላስወረደ ሰው ነው። ሰውየው በሕይወት አለ። ካነበበ ያንብብ።

የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበርኩ። በዚህ ከተማ የኔ የምለው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ አስራ አንደኛ ክፍል። ቤቴ የኪራይ ነው፣ ዘመድ አጠገቤ የለም፣ ክፍሉ ግን የኔ ነበር። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ቤታቸው በርታኛ ይናገራሉ፤ አማርኛን ትምህርት ቤት ነው የለመዱት፤ መጽሐፉ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። አቶምን በጠመኔ ስስልላቸው ዝም ብለው ሰሌዳውን ያያሉ። ስለዚህ በእጅ የሚነካ ነገር አሠራሁ።

የሠራልኝ አጥር በማጠር የሚተዳደር የበርታ ጎረቤቴ ነው። ቀርከሃውን በእርጥቡ ሰንጥቆ፣ አጉብጦ፣ ከትንሽ እስከ ትልቅ አራት ክብ አወጣ። ከዚያ ምስጥ እንዳይበላው ከምድጃው በላይ ሰቅሎ ጭስ አጠገበው። እዚህ አገር ጭስ ያልጠገበ ቀርከሃ አይበረክትም። ሲያስረክበኝ፣

"መምህር፣ አንተ ይሄ ለዶሮ ነው?" አለኝ። ለእሱ ሴቱም ወንዱም "አንተ" ነው።

ለትምህርት መሆኑን ስነግረው ሳቀ። "ዶሮ ይሻላል። ዶሮ እንቁላል ይሰጣል።"

ክቦቹን አንዱን በሌላው ውስጥ በሲባጎ አስሬ ከላቦራቶሪው ጣሪያ አንጠለጠልኳቸው። መሐል ላይ የማንጎ ፍሬ ኒውክሊየስ ሆነ፤ ኤሌክትሮኖቹ ተማሪዎቹ ከቀይ አፈር ያድቦለቦሏቸው ኳሶች ነበሩ። ለሶዲየም ሁለት፣ ስምንት፣ አንድ እንሰቅላለን። ከዚያ ያቺን የመጨረሻዋን ፈትተን ክሎሪን ለሆነው ልጅ እናስረክባለን። የሰጠው ፖዘቲቭ ይሆናል፣ የተቀበለው ኔጋቲቭ፤ ይሳሳባሉ፤ ጨው ይሆናሉ።

"መምህርት፣ እኛ ሰፈር እኮ ሰጥቶ ይጣላል እንጂ አይሳሳብም!" አለች አንዷ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳልስቅ አልቀረሁም።

አንድ ቀን ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች መጡ። ክቦቹ ላይ ፖታሺየም ተሰቅሎ ነበር፤ ሁለት፣ ስምንት፣ ስምንት፣ አንድ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ እንግዶቹን እየመራ ገባና ቀና ብሎ አየው።

"ይሄ ስህተት ነው" አለ። "ሦስተኛው ሼል፣ ይሄ ሦስተኛው ክብ፣ አስራ ስምንት ይይዛል። ይህን ያህል ቦታ ክፍት እያለ አራተኛ ክብ ምን ይሠራል?" በገዛ እጁ ብቸኛዋን ኳስ ከአራተኛው ፈትቶ ሦስተኛው ላይ አሰራት። እንግዶቹ በስምምነት ራሳቸውን ነቀነቁ። ተማሪዎቼ እኔን አዩኝ። በሰው ፊት እንዳላዋርደው እርማቱን ለኋላ አቆየሁት።

እንግዶቹ ሲሄዱ ቢሮው ገባሁ።

"መያዝ መቻሉ እውነት ነው" አልኩት። "ግን አስራ ዘጠነኛው ኤሌክትሮን አራተኛው ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ ዝቅ ይላል፤ ኤሌክትሮን ደግሞ ዝቅ ያለውን ይመርጣል። ሦስተኛው ላይ ዘጠኝ ካደረጉ ፖታሺየም ለምን እንደ ሶዲየም አንድ ብቻ እንደሚሰጥ ለልጆቹ ምን ብዬ ላስረዳ?"

"እህቴ፣ ቀመሩ መጽሐፉ ላይ አለ።"

"የሚቀጥለውን ገጽ ይግለጡት።"

አልገለጠም። "በእንግዳ ፊት ያልኩትን ነገ አፈርሳለሁ ብለሽ ነው? ሁለት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ ብለሽ አስተምሪ።"

"አላስተምርም።"

"እንግዲያው ሌላ ያስተምራል።"

የተናገረውን አደረገው። በሳምንቱ አስራ አንደኛ ክፍል ለሌላ ተሰጠ፤ ለኔ ሥነ ዜጋ ደረሰኝ፣ ማንም ሊያስተምረው ይችላል ተብሎ። አራተኛውን ክብ አስፈትቶ በተላላኪ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ። መምህራን ማረፊያ ስገባ ደግሞ፣

"ኒዮን መጣች! ቦታ ልቀቁላት፣ ከማንም ጋር አትዋሃድም" ይላል። ሌሎቹ ይስቃሉ። ምሳዬን ስትካፈል የኖረችው ባልደረባዬም ሳቀች፤ እሷንም አልረሳኋትም። ተማሪዎቼ በመስኮት ሲያዩኝ "መምህርት፣ መቼ ነው የሚመለሱት?" ይሉኝ ነበር። አልተመለስኩም። ሥነ ዜጋ እያስተማርኩ ጡረታ ወጣሁ። ክቡን ግን ኩሽናዬ ጣሪያ ላይ ሰቅዬ ጭስ እያጠገብኩ አቆየሁት።

ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪውን አድሶ ነባር መምህራንን ሊያመሰግን ጠራን። ስለ ቀድሞው ኃላፊ ጥቂት መልካም ቃል እንድናገር በስልክ ተለመንኩ። "እናታችን፣ እርቅ ነው እኮ" አለኝ ወጣቱ ርዕሰ መምህር። እመጣለሁ አልኩት፤ ስለ መልካም ቃል ምንም አልተናገርኩም።

ከሰዓቱ ቀድሜ ሄድኩ። ላቦራቶሪው ቀለም ተቀብቷል። ክቦቹ ጠቁረው እዚያው ተንጠልጥለዋል፤ ሁለት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ። ይህን ሁሉ ዘመን! የማውቀው ቀይ አፈር ነው፤ አንዷ ኳስ ላይ የልጅ ጣት ምልክት እስካሁን ይታያል። ከታች ቁጭ ብላ ደብተሯ ላይ የምትገለብጥ ተማሪ አገኘሁ።

"ልጄ፣ ወንበሩን ያዥልኝ" አልኳት።

ወንበሩ ላይ ወጣሁ። አራተኛውን ክብ ከፌስታል አውጥቼ አሰርኩ፤ ዘጠነኛዋን ኳስ ፈትቼ እሱ ላይ ሰቀልኳት። ልጅቷ ቀና ብላ አየች፣ ደብተሯን አየች፣ ከዚያ ዘጠኝ የሚለውን ሰረዘች።

"ለምን ብለሽ አትጠይቂኝም?" አልኳት።

"ለምን?"

ወርጄ አስረዳኋት። እንግዶቹ ሲገቡ ገና አልጨረስኩም ነበር። የቀድሞው ኃላፊ በከዘራ እየተደገፈ መጣ፤ ቀና ብሎ ክቦቹን ቆጠረ።

"እህቴ፣ አሁንም?" አለኝ።

"አሁንም" አልኩት፤ ወደ ልጅቷም ተመለስኩ።