የአገልጋይዋ መስመር

ፕሮፌሰሯ ከአራት መቶ ዓመት በፊት የታተመ አንድ የእንግሊዝኛ ተውኔት ለአዲስ እትም ሲያዘጋጁ ረዳታቸው ነበርኩ። ሥራዬ ሲያወሩት ቀላል ይመስላል። የመጀመሪያውን እትም ፎቶ በአንድ በኩል፣ የእኛን ጽሑፍ በሌላ በኩል አስቀምጬ ፊደል በፊደል አስተያያለሁ። ከተስማማ ገጹ ጥግ ላይ ምልክቴን አደርጋለሁ። ያ ምልክት ያለበትን ገጽ ፕሮፌሰሯ ዳግመኛ አያዩትም ነበር።

የመጨረሻው ንባብ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ የድሮውን እትም፣ ነጥብና ኮማው ሳይቀር፣ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው በአዲሱ ላይ ይከተላል። አብራኝ የምታነበው ተማሪ በዚያ ሳምንት ታመመች። ጽሑፉ ደግሞ በሚቀጥለው አርብ ወደ አሳታሚው መላክ አለበት። ቅዳሜ ጠዋት ስኔልቪል ከተማ ወላጆቼ ቤት ሄጄ አባቴን ለመንኩት።

አባቴ ዲቪ ደርሶት ከመምጣቱ በፊት አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነበር። አሁን ኢስት ፖይንት ካለ መኪና ማቆሚያ መንገደኞችን ወደ ኤርፖርት የሚያመላልስ ሻትል ይነዳል።

«ታሪኩን ልንገርህ?» አልኩት።

«ተዪው። ታሪኩን ካወቅኩ ዓይኔ ይዘላል።»

የምግብ ጠረጴዛው ላይ ትይዩ ተቀምጠን ጀመርን። ሁለት ሰዓት ያህል እንዳነበብን፣ «ኤም፣ ኤ፣ አር፣ ነጥብ» አለ። እርሳሴ ቆመ።

«አባዬ፣ እስቲ ድገመው።»

«ኤም፣ ኤ፣ አር፣ ነጥብ።»

«ኤስ ነው መሆን ያለበት።»

መነጽሩን ጠርጎ እንደገና አየ። «አር ነው» አለና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው።

በድሮ ተውኔቶች የተናጋሪው ስም ከመስመሩ ፊት በአጭሩ ይጻፋል። በእኛ ተውኔት የአንድ ባለጸጋና የሴት አገልጋዩ ስም በአጭሩ ሲጻፍ የሚለያዩት በሦስተኛዋ ፊደል ብቻ ነው። በዚያ ትዕይንት ወታደሮች የሸሸ ሰው ፍለጋ መጥተው በር ይደበድባሉ፤ ባለጸጋውና አገልጋይዋ ከውስጥ ቆመዋል። በእኛ ጽሑፍ በሩን አልከፍትም የሚለው ባለጸጋው ነው። በመጀመሪያው እትም ግን ይህን የምትለው አገልጋይዋ ነበረች።

ላፕቶፔን ከፍቼ በየዘመኑ የወጡትን እትሞች አየሁ። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት አንድ አዘጋጅ መስመሩን ከአገልጋይዋ ወስዶ ለጌታዋ ሰጥቶታል። ለምን እንደሆነ አንድ ቃል አልጻፈም። ምናልባት እንዲህ ያለ ንግግር ለአገልጋይ አይገባም ብሎ ይሆናል። ከእሱ በኋላ የመጡት ሁሉ ተከተሉት፤ ፕሮፌሰሯም በወጣትነታቸው ባዘጋጁት፣ አሁን መነሻ ባደረግነው እትም እንደዚያው ትተውታል። አሁን ለአዲሱ መጽሐፍ በጻፉት መግቢያ ደግሞ ስለ ባለጸጋው ጀግንነት የሚያወሩ አራት ገጾች አሉ። አራቱም የቆሙት በዚያች መስመር ላይ ነው።

ከገጹ ጥግ ላይ ምልክት ነበረ። አባቴ በጣቱ ነካው።

«ይሄን ገጽ ማን ነው ያሳለፈው?»

«እኔ። ከሁለት ዓመት በፊት።»

«ሴትዮዋ ያውቃሉ?»

«አያውቁም። ከነገርኳቸው ከሥራ ፋየር ሊያደርጉኝ ይችላሉ። ደግሞ አባዬ፣ ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ ማንም አላየውም እኮ።»

«እኔ አየሁት» አለ።

ቀጥሎም ከዚያ በፊት ነግሮኝ የማያውቀውን ነገር አወራኝ። ማተሚያ ቤት ሳለ በአንድ የጋዜጣ የሐዘን ማስታወቂያ ላይ በሟቹ ስም ቦታ የወንድሙ ስም ገብቶ ነበር። «ማሽኑ ከተነሳ በኋላ አየሁት። አስቁሙ ለማለት አለቃዬን ፈራሁ። በማግስቱ በሕይወት ያለው ወንድምየው ጋዜጣውን ይዞ መጣ። እናታቸው ሁለቱም ሞቱብኝ ብላ ወድቃ ነበር።» ከዚያ በኋላ ንባቡን ልቀጥል ወይ ብሎ ጠየቀኝና ቀጠልን።

ሰኞ ዶራቪል ጣቢያ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ባቡር ውስጥ ገባሁ። መንገዱን ሙሉ መውጫ ስፈልግ ነበር። ፊደሏን ዝም ብዬ ብቀይራት ከመግቢያው ጋር ትጣላለች። ብተዋት ደግሞ ማንም አያውቅም። ከባቡሩ ስወርድ የቦርሳዬ ማንገቻ በላብ ረጥቦ ነበር።

ፕሮፌሰሯ ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩዋቸው።

«ምልክቱ ያንቺ ነው?»

«አዎ።»

«አላየሽውም?»

«አይቼዋለሁ። ግን አላነበብኩትም።»

ፊታቸው ቀላ። «የድሮው አታሚ ተሳስቶ ቢሆንስ? ፊደል እየለቀሙ የሚደረድሩት ሠራተኞች ይሳሳታሉ። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የቀየረው አዘጋጅም ስህተት አይቶ አርሞት ይሆናል። ንገሪኝ፣ ምን ማስረጃ አለሽ?»

ጣቴን ገጹ ላይ አደረግሁ። «የሚቀጥለውን መስመር ይዩት። ባለጸጋው ዝም በይ ይላል። የተናገረው እሱ ራሱ ከሆነ፣ ምንም ያላለችውን ሴት ዝም በይ የሚላት ለምንድን ነው?»

ተነስተው የራሳቸውን የድሮ እትም ከመደርደሪያ አወረዱ፤ ገጹን ገልጠው እንደቆሙ ቀሩ። ኮሪደሩ ላይ ተማሪዎች እየሳቁ ሲያልፉ ይሰማኛል።

«ለተማሪዎቼ ሳስተምር» አሉ በመጨረሻ፣ «ፈርታ ማልቀስ ጀምራ ነው ዝም በይ የሚላት እል ነበር። ከራሴ የፈጠርኩት ልቅሶ ነው።»

እዚያው ስልክ አንስተው አሳታሚው ሁለት ሳምንት እንዲጨምርላቸው ለመኑ። ስለ ባለጸጋው የጻፏቸውን አራት ገጾች ከመግቢያው እንደሚያወጧቸው ነገሩት። ስልኩን ሲዘጉ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምልክትሽ ያለበትን ገጽ ሁሉ እንደገና ታነቢያለሽ። ከእንግዲህ ምልክቱን ብቻ አላምነውም።»

ባያባርሩኝም አነጋገራቸው ልቤን ሰበረው። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ። ቀጣዮቹን ሁለት ቅዳሜና እሁዶች ከአባቴ ጋር አነበብን። ሁለት ተጨማሪ ስህተት ተገኘ፤ አንድ የተዘለለ ኮማና አንድ የተደገመ ቃል። የሁለቱም ጥፋት የእኔ ነበር። ሁለቱንም ባገኘናቸው ሰዓት ለፕሮፌሰሯ ደወልኩ። «ጻፍኩት» ብለው ስልኩን ዘጉ።

መጽሐፉ በሚቀጥለው ዓመት ወጣ። አገልጋይዋ መስመሯን ይዛለች፤ ከገጹ ግርጌ አንድ አጭር ማስታወሻ የማን እንደነበረና ማን እንደወሰደው ይናገራል። ፕሮፌሰሯ ቢሮ ጠርተው የእኔን ቅጂ ሰጡኝ፤ ለሚቀጥለው ተውኔትም አብሬያቸው እንድሠራ ጠየቁኝ።

«እሺ» አልኳቸው። «ግን የእኔን ገጾች ሌላ ሰው ደግሞ ይያቸው።»

«የእኔንም» አሉ፣ ዓይናቸውን ከወረቀታቸው ሳያነሱ።