አባቴ በቁሙ ያስጻፈው የሕይወት ታሪክ

እኔ አንድ ቦታ ረግቼ መቀመጥ አልችልም። እናቴ «ምነው፣ መቀመጫሽ ላይ እሾህ አለ እንዴ?» ትለኝ ነበር። እንጀራዬ ግን ቀኑን ሙሉ የሚያስቀምጥ ሆነ። ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ ታክሲዎቹ ዞረው ከሚቆሙበት ፊት ለፊት፣ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ቤት ልበላት እንጂ ኮምፒዩተሩ፣ ማሽኑና እኔ ከገባን ደንበኛው ውጪ ነው የሚቆመው። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ የኪራይ ውል እጽፋለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የምጽፈው የሟች የሕይወት ታሪክ ነው። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ገና ድንኳኑ ሳይተከል አንዱ ዘመድ ዓይኑ አብጦ በሬ ላይ ይቆማል። «እባክሽ ቶሎ በይልን፣ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው።» ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አስከሬኑ ፊት የምትነበበዋን ገጽ ወዲያው እጨርስላቸዋለሁ። ቃላቱን ጣቶቼ ለምደዋቸዋል፤ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ ቂም የማያውቅ። በእኔ ኮምፒዩተር በኩል እስካሁን አንድም ክፉ ሰው አልሞተም።

አንድ ጠዋት አባቴ የእሑድ ኮቱን ለብሶ በሬ ላይ ቆመ።

«ማን ሞተ?» አልኩት።

«ማንም አልሞተም። የእኔን እንድትጽፊልኝ ነው።»

«ምንህን?»

«የሕይወት ታሪኬን ነዋ!»

አባቴ በልጅነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ፣ ኮልፌ ውስጥ አልጋና ቁም ሳጥን ሲሠራ ያረጀ አናጢ ነው። ጤነኛ ነው፤ ዳገቱን ከእኔ ቀድሞ ይወጣዋል። «አባዬ፣ ምን ሆነሃል? አሞሃል እንዴ?» ብለው ተቆጣ። «ካመመኝ በኋላማ ምኑን አስታውሰዋለሁ? ከሞትኩ ደግሞ ጭራሽ አትጠይቁኝም። በለቅሶ ግርግር መሀል ግማሹን ትተዉታላችሁ፤ አውቃችኋለሁ እናንተን።» ይኼን ብሎ ከኋላዬ ቆመና ማስጻፍ ጀመረ። ሳቄን አፍኜ መጻፍ ጀመርኩ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

«‹በገዛ እጁ ቤት ሠርቶ› በይ።»

እጄ ቆመ። ያ ቤት ሲሠራ አባቴ የአንድ ሆቴል ዕቃ ሊሠራ ጅማ ወርዶ ነበር። ጭቃውን የረገጠችው እናቴ ናት። እኔ ጀርባዋ ላይ ታዝዬ እንደነበር ጎረቤቶች እስከ ዛሬ ይነግሩኛል።

«ቤቱን እማዬ አይደለች እንዴ የሠራችው?»

«ጣሪያውን ማን መታው? እኔ ነኝ። ጣሪያ የሌለው ቤት ቤት ነው? ጻፊ ዝም ብለሽ።»

ጻፍኩ። ቀጥሎ ‹ወላጆቹን ያጣ ልጅ ከልጆቹ ሳይለይ አሳድጎ› አለ። ያንን ልጅ ትምህርት ቤት የምታደርሰው፣ ሲያመው ጤና ጣቢያ ተሰልፋ የምትውለው እማዬ ነበረች። አባቴማ ስሙን ከወንድሜ ስም ጋር እያምታታ ስንቴ አስቆናል። ቀጥሎ ‹ሰፈሩ ውኃ እንዲገባለት ቢሮ ለቢሮ ተንከራትቶ› መጣ። ተንከራታቿ ማን እንደነበረች መናገር አያስፈልገኝም። ከዚያ ደግሞ ‹እድራችንን ከመሠረቱት አንዱ›፤ ይቺ እንኳ እውነት የራሱ ናት።

«እማዬስ?» አልኩት፣ ጥርሴን ነክሼ።

«‹ከውድ ባለቤቱ ጋር› በይበት።»

«የቱ ጋ?»

«ቦታ ካለ።»

ቦታ ካለ! ደሜ ፈላ። ማሽኑ ወረቀቱን እስኪተፋው ድረስ ከወንበሬ ተነሥቼ ተቀመጥኩ፣ ደግሞ ተነሣሁ። እሱ ግን ወረቀቱን እንደ አራስ ልጅ ተቀብሎ፣ ላስቲክ ውስጥ ከቶ፣ በኮቱ የውስጥ ኪስ አስገባው። «እዚህ ከሆነ አይጠፋም» ብሎኝ ሄደ።

ያ ወረቀት ግን ኪስ ውስጥ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ወረቀት አልሆነም። ፀጉር አስተካካዩ ጋ ተነበበ። የእድር ስብሰባ ላይ «እስቲ ስህተት ካለው አርሙኝ» ተብሎ ተነበበ። አንዳንዱን ሰው ታክሲ ሲጠብቅ ይዞ ያነብለት ነበር። በየሳምንቱ ደግሞ «አንዲት ነገር ረስቼ» እያለ ይመጣብኛል። የእሱን ኮት ከሩቅ ሳይ በሬን ዘግቼ ብጠፋ ደስ ይለኝ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ አንድ ቀን «አባትሽ እኮ ከመሞታቸው በፊት በቃሌ ልይዝላቸው ነው» ብሎ ቀለደብኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከምኖርበት ከሳንሱሲ ታክሲ ይዤ እናቴ ጋ ሄድኩ። በየፌርማታው «ወራጅ አለ» በተባለ ቁጥር ወርጄ በእግሬ ልሮጥ ይቃጣኝ ነበር። ልክ እንደገባሁ አፈረጥኩት። «እማዬ፣ ቤቱን እኔ ነኝ የሠራሁት እያለ በየቦታው ያነባል እኮ!»

«ተይው እስቲ፣ ደስ ይበለው» አለችኝ፣ ሽንኩርቷን እየከተፈች። «ቤቱ እንደሆነ ቆሟል።»

እሷ እንዲህ ናት። ሠርግ ይሁን ለቅሶ፣ ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን፣ እናቴን የሚፈልጋት ሰው ፊት ለፊት አያጣራም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ፣ ወደ በሩ ነው የሚሄደው። «ለመነሣት ይመቸኛል» ትላለች። የሚጠራት አይጠፋማ! ‹እኔ ምን አለኝ› የምትለው ነገርም አላት። እውነቱን ልናገርና ከአባቴ ጉራ እኩል ያበሽቀኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን የንስሐ አባታችን ቤቱን ጸበል ሊረጩ መጡ። አባቴ ጸበሉ ከፊቱ ሳይደርቅ ወረቀቱን አወጣ። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ጥፍሬን እበላለሁ። አባ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ልጄ፣ ይኼ ውዳሴ ከንቱ ነው» አሉት።

«እንዴ አባ! ታዲያ ውሸት አለበት? እርስዎ ራስዎ ያውቁኝ የለም እንዴ?»

«ውሸት ቢሆንማ ባልፈራሁልህ። የዋሸ ሰው መዋሸቱን ያውቃል፤ አንድ ቀን ያፍራል፣ ይመጣል፣ ይናዘዛል። በደግ ሥራው የሚኩራራ ሰው ግን ምን ብሎ ነው ንስሐ የሚገባው? ‹አባ፣ ደግ ሠርቻለሁና ይፍቱኝ› ሊለኝ ነው?»

እናቴ የእጅ ማስታጠቢያውን እንደያዘች በሩ ጋ ሳቀች። አባ ዞር ብለው አዩዋት። «አንቺስ፣ ምን ይጻፍልሽ?»

«እኔ ምን አለኝ አባ፣ የሚጻፍ።»

አባቴ ፈገግ ብሎ አየኝ፤ ‹ሰማሽ? ራሷ ነች ያለችው› ማለቱ ነው። አባ እጃቸውን ታጠቡ። እኔ ግን ያን ጊዜ የሚያስጨንቀኝ ምን እንደሆነ ለይቼ አወቅኩት። አንድ ቀን አባቴ ይሞታል፤ ያ ወረቀት በድምፅ ማጉያ ይነበባል፤ እናቴ ከኋላ ተቀምጣ የራሷን ዕድሜ በእሱ ስም ትሰማዋለች። ከዚያም ‹ቦታ ካለ› ተብላ የገባችባትን ቃል ትሰማና ነጠላዋን አስተካክላ ‹ደስ ይበለው› ትላለች። ይኼን ባሰብኩ ቁጥር እበግናለሁ። ሲሞት እቀይረዋለሁ፣ የምጽፈው እኔው አይደለሁ እንዴ፣ እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር።

የሞተችው ግን እሷ ናት።

ጠዋት ልብስ አጥባ አሰጣች፣ «ትንሽ ደከመኝ» ብላ በረንዳው ላይ ተቀመጠች፣ በዚያው ቀረች። ሕመም የለ፣ ኑዛዜ የለ። ሁልጊዜ ለመነሣት የምትቸኩል ሴት እንደተቀመጠች ቀረች።

በማግስቱ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጥኩ። በሩ ላይ ዓይኑ አብጦ የቆመው ወንድሜ ነው። «ቶሎ በይ እንጂ፣ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው» አለኝ። ለስንቱ ሰው የጻፍኩ ሴት ለእናቴ አንድ መስመር አቃተኝ! የምጽፈው ጠፍቶኝ አልነበረም። ቤቱ አለ፣ ያሳደገችው ልጅ አለ፣ ውኃው አለ። ግን ሁሉም አባቴ ኪስ ውስጥ ነው፤ ሰፈሩም በእሱ ስም ሰምቶታል። ቤቱን እሷ ሠራችው ብዬ ብጽፍ፣ በሬሳዋ ላይ አባቴን በጓደኞቹ ፊት ውሸታም ማድረጌ ነው። ካልጻፍኩ ደግሞ እናቴን ‹የቤት እመቤት ነበሩ› ብዬ መቅበሬ ነው። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ደግሞ ጻፍኩ፣ ደግሞ አጠፋሁ። ወንድሜ «ኧረ በእናትሽ!» አለኝ፤ እንዳለውም ሁለታችንም አለቀስን።

በመጨረሻ ግማሽ ገጽ ይዤ ወጣሁ። ተወለዱ፣ ትዳር መሠረቱ፣ የልጆች እናት ነበሩ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ። ለማንም የምሰጠውን ቃል ለእሷም ሰጠኋት።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሰው ሞልቷል። የእድሩ ጸሐፊ ድምፅ ማጉያውን ይዞ አነበበ። ሰዉ ገና ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ጥላውን አስተካክሎ ሳይጨርስ አለቀ። አንዲት ሴት «አለቀ እንዴ?» አለች። ጸሐፊው ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ። ጀርባው ባዶ ነው። ከዚያ ግቢ ሮጬ መውጣት ብቻ ነበር የምፈልገው።

ይኼኔ አባቴ ተነሣ። እጁን ወደ ኮቱ የውስጥ ኪስ ሲከት አየሁት። ላስቲኩ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ወይ አምላኬ፣ በእናቴ ቀብር ላይ የራሱን ሊያነብ ነው! ልነጥቀው ተነሣሁ፤ ወንድሜ ነጠላዬን ይዞ አስቀመጠኝ። ሰዉ ሁሉ ወረቀቱን ያውቀዋል። ፀጉር አስተካካዩ አንገቱን ደፋ። ጸሐፊው ድምፅ ማጉያውን ቢዘረጋለት አባቴ አልተቀበለውም፤ ሁለት እጁም ወረቀቱን ይዟል።

«ቤት ሠራች» አለ፣ እየጮኸ።

ጸሐፊው ድምፅ ማጉያውን ዝቅ አደረገ።

«እኔ ጅማ ነበርኩ። ጣሪያውን መጥቼ መታሁት። ግድግዳው የእሷ ነው።» ጣቱን ወደሚቀጥለው መስመር አወረደ። «ወላጆቹን ያጣ ልጅ ከልጆቿ ሳትለይ አሳደገች።» ያ ልጅ አሁን የልጆች አባት ነው፤ ከሰው መሀል «እማ!» ብሎ ጮኸ። አባቴ እስኪረጋጋ ጠበቀው። «ሰፈራችን ውኃ እንዲገባለት ቢሮ ለቢሮ ተንከራተተች። እኔ ፈራሚ ብቻ ነበርኩ።» ጣቱ ደግሞ ወረደ። «እድራችንን ከመሠረቱት...» ብሎ ቆመ። ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። «ይቺ የእኔ ናት» አለና ዘለላት።

ፀጉር አስተካካዩ በነጠላው አፉን ያዘ። ለቅሶ ይሁን ሳቅ እኔ እንጃ። እኔም ራሴ ሁለቱ ተቀላቅለውብኝ ነበር። አባ ከጎኑ ቆመው መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ይሰሙታል። አባቴ የመጨረሻዋ መስመር ላይ ሲደርስ ‹ከውድ ባለቤቱ ጋር› የምትለው ላይ ጣቱን አሳረፈ። ከዚያ «ከባሏ ጋር ኖረች» አለና ወረቀቱን አጥፎ ተቀመጠ።

የሠልስቱ ዕለት ከሰዓት ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሳሳ። እኔ እንደ ልማዴ መቀመጥ አቅቶኝ ብርጭቆ አነሣለሁ፣ ወንበር አደራርባለሁ፣ ያነሣሁትን መልሼ አስቀምጣለሁ። አባቴ በእጁ ጠራኝ።

«አንቺ፣ ያን ቀን ሳነብ ድምፄ እስከ ኋላ ይሰማ ነበር?»

አይ አባቴ! ዛሬም? በለቅሶዋ ድንኳን ውስጥም ስለ አነባበቡ ነው የሚጨነቀው? የአባ ንግግር ትዝ አለኝ፤ ከዚያ ቀን እንኳ ሙገሳ ሊለቅም ነው ብዬ ተናደድኩ። መልስ ሳልሰጠው ልሄድ ነበር። ፊቱን ሳየው ግን እኔን እያየኝ አይደለም፤ የሚያየው የድንኳኑን በር ነው።

«ይሰማ ነበር» አልኩት።

«እስከ በሩ?»

«እስከ በሩ።»

«ጥሩ» አለ። «እሷ መቼም ከኋላ ነው የምትቀመጠው።»