የዘይቡ አደራ

የጅማ እርሻ ኮሌጅ ሰዎች ኤርሲዶ ሎምበሞን ለእንግዳ ሲያስተዋውቁ «የስፖርት ክፍላችን ኃላፊ» ይሉ ነበር። ክፍል ሲባል ሰው የሞላበት ቤት እንዳይመስላችሁ። ኃላፊውም እሱ፣ አሠልጣኙም እሱ፣ ኳስ የሚነፋውም እሱ፣ ዝናብ ያጠበውን የሜዳ መስመር ከተማሪዎች ወጥ ቤት በለመነው አመድ መልሶ የሚያሰምረውም እሱ ነበር። ከከምባታ ተነስቶ ጅማ የገባው በስድሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው፣ አንዲት የቆርቆሮ ሻንጣ ይዞ። ሜዳ ብለው ያስረከቡት የጎረቤት ላሞች የሚተኙበት ማጥ ነበር። ላሞቹን ለማስወጣት አንድ ዓመት፣ ከባለላሞቹ ጋር ለመታረቅ ደግሞ ሁለት ዓመት ፈጀበት።

ሰውየው አይጠጣም፣ ጫት አይቅምም፣ ካርታ አይጫወትም። በዚያ ዘመን ጅማ ላይ ከነዚህ አንዱንም የማያደርግ ወንደላጤ ከማን ጋር ሊያመሽ ነው? መምህራኑ «ጴንጤው» እያሉ ያሙታል፤ ሐሜቱ እውነትም ነበረበት። የሚጸልይባት ቤት ታሽጋ የማዳበሪያ መጋዘን ከሆነች ቆይታለች። በስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ ግራ እጁን አንስቶ መፈክር ሲያስተጋባ ኤርሲዶም እጁን ያነሳል፣ አፉን ግን አይከፍትም። ካድሬዎቹ ያዩታል፤ ዋንጫ የሚያመጣላቸው እሱ ብቻ ስለሆነ ግን ያላዩ ይመስላሉ።

እሁድ ጠዋት ነበር መከራው። አወቱ መንደራ ሰፈር ካለችው የኪራይ ክፍሉ ወጥቶ፣ ማንም የሌለበትን ሜዳ ሲዞር ያረፍዳል። መዝሙሩን በጥርሱ መሃል ያንጎራጉራል። ብቸኝነቱ ያመው ነበር፤ ለማን ይንገረው?

ተማሪዎቹ ግን ይፈሩታል፣ ያከብሩታልም። ልምምድ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው ካለ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ጫማ እሰጥሃለሁ ካለ የእግሩንም አውልቆ ይሰጣል። «ኤርሲዶ ካለ አለ ነው» ይባል ነበር፤ በዚህ ስሙም ይኮራል። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ርስት የለው። ያለችው ቃሉ ብቻ ነበረች።

ዘይቡን ያገኛት በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በቡና ለቀማ ዘመቻ ላይ ነው። ያን ጊዜ ቡና ሲቀላ ተማሪውም አስተማሪውም በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ መንግሥት እርሻ ይወርዳል። አንድ ቀን ሊሙ በኩል፣ የለቀመችውን እስክታስመዝን የዘገየች አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ጥሎ መኪናው ተነሳ። ልጅቱ ረጅም ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ ዳገቱን ከኋላው ተከተለችው። ዳገቱ ሳያልቅ ደረሰችበትና የኋላ መዝጊያውን በጡጫዋ ደበደበችው። መኪናው ላይ ያለው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ኤርሲዶ አልሳቀም፤ አተነፋፈሷን ነበር የሚያየው። ምንም አላለከለከችም።

አባቷ አባቦራ የአጋሮ ሰው ናቸው። የመሬት አዋጁ ከተወላቸው ማሳ ላይ ቡና የሚያለሙ፣ ሰው ሲጣላ ለእርቅ የሚጠሩ ሽማግሌ። ኤርሲዶ ልጅቱን ለሩጫ ሊያስፈቅድ፣ ከቀበሌ ኮታው ያጠራቀመውን ስኳር ይዞ ደጃቸው ሄደ።

«ማሎ፣ እባክህ መምህር፣» አሉት ነገሩን ሰምተው፣ «ሴት ልጅ ሕዝብ መሃል በቁምጣ ትሩጥ ነው የምትለኝ?»

«በቁምጣ አይደለም አባባ። ጅማ መርካቶ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሙሉ ቱታ አሰፋላታለሁ፣ ሻሿንም አታወልቅም። ለውድድር አዲስ አበባ ስንሄድ የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ወይዘሮ አጸደ አብራት ታድራለች።»

አባቦራ ብዙ አሰቡ። በኋላ የኤርሲዶን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አማና ነች። አደራ! ዱጋ ረቢ፣ የፈጣሪ እውነት፣ ለሌላ ሰው አልሰጣትም ነበር።»

«እንደወሰድኳት እመልሳታለሁ፣» አለ ኤርሲዶ።

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላል ያገራችን ሰው። ለሌላው ተረት ናት፤ ለኤርሲዶ ግን ሕግ ነበረች።

ከዚያ ወዲያ እሁድ ጠዋት ሜዳው ላይ ሁለት ሆኑ። እሷ ትሮጣለች፣ እሱ ሰዓት ይይዛል። ስታርፍ ኦሮምኛ ታስተምረዋለች፣ አነጋገሩን እየሰማች ትስቃለች፣ እሱ ስለ ከምባታ ተራሮች ያወራላታል። አንድ ቀን ሳያስበው «ልጄ» አላት፤ እሷም «አቤት ጋሼ» ብላ መለሰች። ያን ቀን ወደ ቤቱ የሄደው እያፏጨ ነው።

ግንቦት ላይ የኮሌጆች ውድድር አዲስ አበባ ተደረገ። ዘይቡ ሦስት ሺህ ሜትሩን ሁሉንም ጥላ ገባች። ገና ላቧን ሳትጠርግ፣ እሱባለው የሚባል ሻምበል፣ የአንድ የጦር ሠራዊት ክለብ አሠልጣኝ፣ ወደ ኤርሲዶ መጣ።

«ጓድ፣ ይቺን ልጅ ለእኛ ተውልን። ቀለብ አላት፣ ደመወዝ አላት፣ ትምህርቷንም እዚሁ ትጨርሳለች። ብቻ እስከ ነገ ማታ አሳውቀኝ።»

ዘይቡ አጠገባቸው ቆማ ትሰማለች። ፊቷ ሁሉ በርቷል። ኤርሲዶ ወደ እሷ ሳይዞር፣ «አይሆንም፤ የአባቷ አደራ ናት» አለ።

«ታዲያ አባቷን ጠይቅ እንጂ!»

«አደራ የተቀበለ ሰው ተመልሶ አይደራደርም።»

ሻምበሉ ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ።

አጋሮ እኮ ቴሌ አለ። ጥሪ ቢያስይዝ ኖሮ አባቦራ በማግሥቱ መስመር ላይ ይቀርቡ ነበር። አላደረገውም፤ መጠየቁ ራሱ አደራ መብላት መሰለው። ደግሞ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ያንን ሜዳ እሁድ ጠዋት ብቻውን መዞር ፈርቷል። ይህቺን ግን ለራሱም አልነገራት።

በመልሱ ጉዞ ዘይቡ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች መጣች። ጊቤን ከተሻገሩ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ለአባዬ ደውለውላቸው ቢሆን ኖሮስ?» አለችው።

«ቃል ቃል ነው ልጄ።»

ዘይቡ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

በማግሥቱ አጋሮ ይዟት ሄደ። ጎረቤቱ ተሰብስቦ እልል አለ። «አደራዎ ይኸው፣ አባባ!» አለ ኤርሲዶ ደረቱን ነፍቶ፤ አባቦራም መረቁት። ጎረቤቱ ሲበተን ዘይቡ ካባቷ ጎን ተቀምጣ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ በኦሮምኛ አንድ ነገር ነገረቻቸው። ሽማግሌው ወደ ኤርሲዶ ዞሩ።

«ክለብ ፈልጓት ነበር የምትለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው። አልፈቀድኩም፣» አለ። ምስጋና ነበር የሚጠብቀው።

«ለምን አልጠየቅከኝም?»

«ለእርስዎ ቃል ገብቼ እንዴት…»

«መምህር፣ ልጅ እኮ ቡና አይደለችም፣ በሚዛን ተረክበህ በሚዛን የምትመልሳት። እኔ በሰው አገር አባት ሁናት ብዬ ነው የሰጠሁህ። አባት የልጁን ፊት አያይም? ወላሂ፣ ብትጠይቀኝ እሺ እል ነበር።»

ኤርሲዶ ብድግ አለ። እዚያው ቴሌ ድረስ ሮጦ ሄደ፣ ጥሪ አስያዘ፣ ግማሽ ቀን ጠበቀ። ሻምበሉ ሌላ ልጅ ወስጃለሁ አለው።

በሚቀጥለው እሁድ ሜዳው ላይ ጠበቃት፤ አልመጣችም። በሳምንቱም ጠበቃት። መንገድ ላይ ሲያገኛት ራሷን ዝቅ አድርጋ በአክብሮት ሰላም ትለዋለች፣ «ትምህርት በዝቶብኝ ነው ጋሼ» ትለዋለች። ቱታውን አጥባ፣ አጣጥፋ በወይዘሮ አጸደ እጅ መለሰችለት። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። በዓመቱ የኮሌጁ ቡድን የክፍለ ሀገሩን ዋንጫ ወሰደ፤ ኤርሲዶን ትከሻቸው ላይ ተሸክመው የጅማን መርካቶ አዞሩት፣ እሱ ግን ዙሩ እስኪያልቅለት ቸኮለ።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ዘይቡ የሁለት ዓመት ትምህርቷን ጨርሳ ተመረቀች። የደረሳት ሥራ ሚዛን ተፈሪ፣ በእርሻ ልማት ነው። ካባዋን እንደለበሰች ኤርሲዶ የከበቧትን ሰዎች አቋርጦ ሄደና፣ «በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ» አላት፤ ይህን ቃል ለማውጣት ከዓመት በላይ ፈጅቶበታል።

ዘይቡ እጁን ጨበጠች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«አልተቀየምኩም ጋሼ። ብቻ ያን ቀን አንድ ጊዜ ዞር ብለው ‹አንቺስ ምን ትያለሽ?› ቢሉኝ ኖሮ፣ ከዚያ በኋላ እምቢ ቢሉም ግድ አልነበረኝም።»

አባቷ ጠሯት፤ ወደ አጋሮ የሚሄደው መኪና ሊነሳ ነበር። ኤርሲዶ ወደ ሜዳው ወረደ። ክረምት ስለገባ ከተመራቂዎቹ በቀር ተማሪው ሁሉ ወደየቤቱ ሄዷል፤ ዝናብ ያካፋል። መሃል ላይ ቆመና፣ ከዚህ በፊት ከአፉ ወጥቶ የማያውቀውን ጥያቄ ጮክ ብሎ ሞከረው።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

የሚመልስለት ሰው አልነበረም።