ለሽምግልና የያዝኩት የልብ ምርመራ ውጤት

ለእህቴ ልጅ ሚስት ልንጠይቅ ልደታ ማርያም ጀርባ ሽማግሌ ሆነን ሄድን። ልጁ ከአባቱ የወረሰው የልብ ጡንቻ መወፈር ችግር አለበት። እንዳልደብቅ አስምሎኛል። የልብ አልትራሳውንዱን ያየው ሐኪም፣ ለክፉ የሚያሰጋው አይደለም ብሎታል።

ውጤቱን ለልጅቷ አባት ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዷን መስመር አነበቡ። በቃ፣ አልሰጥም ሊሉን ነው አልኩ በሆዴ።

"ጡንቻው አስራ ስድስት ሚሊ ሜትር ነው?" አሉኝ።

"አዎ ጌታዬ፣ ግን ሐኪሙ..."

"የኔ አስራ ዘጠኝ ነው።"

መነጽራቸውን አወለቁ።

"ታዲያ ልጆቹ የት የተዋወቁ መስሎዎት ነው? ልጄ እኔን ለአልትራሳውንድ ስትወስደኝ፣ ወረፋ ላይ እኮ ነው። መሃላቸው የተቀመጥኩት እኔ ነኝ!"